ሰምቶ ዝም የሚል ማሽን

ወንድም እህቱን በደለ። ነገሩ እንዲህ ባጭሩ ቢነገር ይሻላል፤ ቢረዝምም አያምርበትም።

ፊደል ያስቆጠረችው፣ ኋላም ጌም ቤቷ አስገብታ ሥራ ያስለመደችው ታናሽ ወንድሟ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ስድስቱን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ነቃቅሎ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ቤት ከፈተ። ለእሷ ስድስት አሮጌ ማሽኖች ቀሯት። ደንበኛውም አብሮ ተሻገረ። ወንድምየው በሩ ላይ «ዘመናዊ ጌም ቤት፤ ለህብረተሰቡ በሙሉ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ።

እሷ ሰሌዳውን በየጠዋቱ እያነበበች ከንፈሯን ትመጥጣለች።

«ኅብረተሰብ በብዙኃኑ ኅ ነው የሚጻፈው። አሥር ጊዜ አሳይቼዋለሁ።»

«እትዬ፣ ሰውየው ማሽንሽን ይዞ ሄዶ አንቺ ፊደሉን ታርሚያለሽ?» አላት ባለ ታክሲው። ኳስ ጌም ላይ ሁልጊዜ ሌላው ሲደክም ስለሚገባ «ተቀያሪ» ይሉታል። ካልተሻገሩት ጥቂት ደንበኞች አንዱ ነው።

«ማሽኑንስ አንድ ቀን ይመልሰው ይሆናል። ፊደሉ ግን አይድንም።»

በከተማው ያለ ጌም ቤት ሁሉ የሚሠራው ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ ነበር፤ የእሷም እንደዚያው። ፈቃድ ያለው ቅጂ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አልነበረም። እሷ ግን አንድ ቀን ተነሥታ ማሽኖቹን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ልቀይር ነው አለች።

«ነጻ ነው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለአሮጌ ማሽንም ይቀለዋል» ብላ ለጠየቃት ሁሉ መለሰች።

ያስተማራት የለም። ኢንተርኔት ላይ ያነበበችውን በደብተር እየገለበጠች፣ ስታበላሽ እንደገና ፎርማት እያደረገች፣ አምስት ሳምንት ፈጀባት። ተቀያሪ ከኋላዋ ቆሞ ስትጽፍ ያያል።

«የይለፍ ቃሉን ትጽፊያለሽ፣ ምንም አይታይም። ኪቦርዱ ሞቷል እኮ።»

«አልሞተም። ሰምቶ ዝም ይላል።»

ኳሱ ሠራ። የመኪና እሽቅድድሙም፣ እንዲያውም ከድሮው ፈጥኖ ሠራ። ሰው ሁሉ የሚወደው የተኩስ ጌም ግን ሊኑክስ ላይ አልገባ አለ። ተጫዋቹን አጭበርባሪ ነህ ብሎ በር ላይ ይመልሰዋል። ከቀሩት ደንበኞች ግማሹ እያጉረመረመ ማዶ ተሻገረ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ቤቱን ያዘጋሻል» አላት ተቀያሪ።

«ከተዘጋ ያንተን ታክሲ እነዳለሁ።»

ቀልዱን ቀለደችው እንጂ መቀመጥ አልቻለችም። ከጌም ቤቱ በቀር መተዳደሪያ የላትም። የጠረገችውን ስክሪን መልሳ ትጠርጋለች፣ በር ላይ ትወጣለች፣ ማዶ ታያለች፣ ትመለሳለች። ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ማሽን እንደጨረሰች ቤቱን ለተቀያሪ አደራ ብላ ፕላስተር ልገዛ ነው ብላ ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፕላስተሩን ረስታ ተመለሰች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ኮቱ ሰፊ፣ ቦርሳው ጠባብ የሆነ ሰው ነው።

«በእርስዎ ቤት ላይ ጥቆማ ደርሶናል» አለና አንድ ወረቀት አውጥቶ ደረቱ ላይ አስጠግቶ አነበበ። «‹ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለው ጌም ቤት ክራክ በተደረገ ሶፍትዌር ስለሚሠራ፣ ኅብረተሰቡን ከሕገ ወጦች ለመጠበቅ እንዲፈተሽ እናሳስባለን።› ስም የለውም።»

ተቀያሪ አንገቱን አሰገገ። «እስቲ እጅ ጽሑፉን ልየው።»

«አይቻልም። ጠቋሚ ይጠበቃል።» ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

እሷ ወረቀቱን ልየው አላለችም። ወንበር ሳበችለት።

«ጠቋሚውንማ ማን ያጣዋል!» አለ ተቀያሪ፣ በአገጩ ማዶውን እያሳየ። «አዲሱን ወስዶ፣ አሮጌውም ቆጨው።»

ተቆጣጣሪው ስድስቱንም አንድ በአንድ አየ። የለመደውን ምልክት ሲፈልግ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ተንከራተተ። ክራክ የተደረገ ነገር አላገኘም። ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ የንጽሕና ወረቀት ጻፈላት።

«አለቀ?» አለችው።

«የእርስዎ አልቋል። ሥርዓታችን ግን አንዱ ከተጠቆመ የመንገዱ ሁሉ ይፈተሽ ነው። አምና ፀጉር ቤቶቹን ያየነውም እንዲሁ ነበር።»

«አስታውሳለሁ» አለች።

ሰውየው መንገዱን ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ የወንድምየው በር ታሸገ።

ሰፈሩ ፍርዱን ለመስጠት ሦስት ቀን አልፈጀበትም። እህቱን ሊያስዘጋ ጠቁሞ ራሱ ተዘጋ ተባለ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሰላምታ ነሳችው። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አለ ተቀያሪ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ወንድምየው መጥቶ ደፍ ላይ ቆመ። ከሄደ ወዲህ ያን ደፍ ረግጦት አያውቅም። እሷ ስክሪን ትጠርግ ነበር።

«እታለም» አለ። «ሰው ሁሉ ፊት ነሳኝ። ማሽኖቹን ወስጃለሁ፣ አልክድም። በድዬሻለሁ። ደብዳቤውን ግን እኔ አልጻፍኩም። ይኸው በእናታችን፣ እኔ አይደለሁም።»

ጨርቁን አስቀመጠች። ስንት ሳምንት ያላረፈ እጇ አረፈ።

«አውቃለሁ» አለችው። «አንተ ብትሆን ኖሮ ‹ኅብረተሰቡን› በሃሌታው ሀ ነበር የምትጽፈው።»