ከጋቢው ሥር ያለችው ጀልባ

"ጎንበስ በይ እንጂ፣ ከዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?" አለ ኑርዬ፤ የጋቢውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ለትልቋ ልጁ ቦታ ለቀቀላት።

የሐይቁ ዳር ፀሐይ ስክሪኑን አላሳይ ስላለ ጋቢውን በላፕቶፑ ላይ እንደ ድንኳን ዘርግቶታል። ከሥሩ ሦስት ሰው ተፋፍጓል። እሱ ራሱ፣ የዓሣ ማስገር ሸሪኩ ታረቀኝ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ትንሿ ልጁ ሰሚሃ። ትልቋ ነጅዋ አራተኛ ሆና ገባች። ሳትወድ ነው የገባችው።

ስክሪኑ ላይ ጀልባ ተስላለች፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊት። አሮጌዋ ጀልባቸው ስለበሰበሰች ሁለቱ ሸሪኮች አዲስ ሊሠሩ ነው። አናጢው ታረቀኝ ነው፤ እንጨቱን አዘጋጅቶ ነገ ሊቆርጥ ቀጥሯል።

"ወላሂ ይቺ ልጅ!" አለ ኑርዬ ሰሚሃን እያየ። "ደሴ መድኃኒት ትሸጣለች ስል ጀልባ ስትሠራልኝ ከርማለች። ማሻአላህ! ማሻአላህ!"

"እትፍ፣ እትፍ! ከዓይን ያውጣሽ" አለ ታረቀኝ።

ነጅዋን ቅናት ያዛት። ጀልባ መሳል የማን ነበር? የሷ አልነበር? ውጫሌ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት መልስ በሯን ዘግታ፣ በኮምፒውተሯ፣ ማንም ሳያዛት፣ ደስ ስላላት ብቻ ስትስል ኖራለች። ሰሚሃ አንድ ጊዜ እሷ ዘንድ አድራ "እኔንም አሳይኝ" አለቻት፤ አሳየቻት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼው ነው። ነጅዋ "እስኪያምር ልቆይ" እያለች ለአባቷ አንድም ሥራ አላሳየችም። ሰሚሃ የመጀመሪያዋን ይዛ መጥታ ምርቃት አገኘችበት።

"እታለም፣ ምነው ዝም አልሽ? አላማረም?" አለች ሰሚሃ።

"ደህና ነው።"

"ደህና ነው ብቻ?" ታረቀኝ ሳቀባት። "እኔ የእስጢፋኖሱ ክርስቲያን ከዓይን ያውጣሽ ስል አንቺ የኑርዬ ልጅ ማሻአላህ ትሰስቻለሽ?"

ነጅዋ አፏን ከፈተች። ለጎረቤት ጥጃ፣ መንገድ ላይ ላየችው ሕፃን ሁሉ የምትለው ቃል ነው። ዛሬ ግን አልወጣ አላት፤ ወይ ፍንክች።

ይኼኔ ጀልባዋ ጠፋች።

በቦታዋ ጽሑፍ ያለበት አንድ ግራጫ ሳጥን ድቅን አለ። ሰሚሃ ሳታነበው ደጋግማ ነካችው፤ ፕሮግራሙ ጭራሽ ተዘጋ። ልትከፍተው ሞከረች፤ እምቢ አለ።

"ያ ረቢ! አያ ታረቀኝ፣ ልኬቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው! ነገ በምን ልትቆርጥ ነው?"

ታረቀኝ ጨዋ ሰው ነውና ጉሮሮውን ጠርጎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ኑርዬ ግን ቀስ ብሎ ወደ ትልቋ ልጁ ዞረ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"ነጅዬ" አለ ለስለስ ብሎ፣ "ማሻአላህ ማለት ምን ይከብዳል ልጄ?"

ያጠፋት የኔ ዓይን አይደለም ልትል ነበር። የፕሮግራሙ የነጻ ሙከራ ጊዜ ስላለቀ ነው፤ ነጅዋ ይህን ታውቀዋለች። ይኸው ፕሮግራም ባለፈው ክረምት እሷንም እንዲሁ በር ዘግቶባታል። ከዚያ ወዲያ በነጻ የሚሠራ የንድፍ ፕሮግራም ስትፈልግ ስንት ዳታ ጨርሳለች። አንዱ ነጻ ነኝ ብሎ ይጠራና በር ላይ የባንክ ካርድ ይጠይቃል። አንዱ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። አንዱ ያስላል፣ የተሳለውን ግን አያስቀምጥም። በመጨረሻ አገኘች፤ የማያስከፍል፣ የማይዘጋ፣ ከፍላሽ ላይ እንኳ የሚነሳ። ሰሚሃ ደውላ "እታለም፣ በነጻ የሚገኝ የለም?" ስትላት ግን ቁርጥ አድርጋ መለሰችላት፤ "የለም። ሁሉም በብር ነው።"

ፍላሹ አሁንም ከቤት ቁልፏ ጋር ታስሮ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ዝም ካለች ዓይነ ክፉ፣ ካወጣችው ውሸታም። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ሰሚሃ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። አባትየው አሁንም ነጅዋን ያያታል። ያን አስተያየት መሸከም አቃታት።

"ወዲህ በይው" አለች ላፕቶፑን እየተቀበለች። ቦርሳዋን ከፍታ ፍላሹን ሰካች። የሷ ፕሮግራም ተነሳ። የእህቷን ፋይል ፈልጋ ከፈተችው፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

"መጣች! ማሻአላህ!" ኑርዬ ጮኸ። ታረቀኝም እትፍ እትፉን ደገመው።

ሰሚሃ ግን ጀልባዋን አላየችም። የምታየው ፍላሹን ነበር። ቀስ ብላ ወደ እህቷ ጆሮ ተጠጋች።

"የለም ብለሽኝ አልነበር?"

"አሁን አለ" አለች ነጅዋ። ዞር ብላ አላየቻትም።

ጀልባዋን ግን አሁን ገና በደንብ አየቻት። አፍንጫዋ ቀና ያለበት፣ ሆዷ ሰፍቶ ወደ ኋላ የሚጠብበት አጣጣፍ፣ ነጅዋ ስትስል ስታጠፋ ኖራ ያልመጣላት ነው። ታምራለች። ከሷ ጀልባዎች ሁሉ ታምራለች። ቅናቷ እንደገና ተነሳ። ጣቷም ከፍላሹ ላይ አልተነሳም፤ ትንሽ ብትስበው ጀልባዋ ተመልሳ ትጠፋለች።

"ማሻአላህ" አለች ነጅዋ።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ታረቀኝ። ኑርዬም ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

እሷ ግን ለእነሱ ብላ አልነበረም። የፍላሹ ትንሽ መብራት ከጣቷ ሥር ብልጭ ድርግም ይላል። የገዛ ዓይኗ ጀልባዋን እንዳያጠፋት ፈርታ፣ ቃሉን በለሆሳስ ደገመችው።