የኋላ ወንበር የሌለበት ክፍል

አስጎብኚው ዴቮን ኮሌጁን ሊያዩ ለመጡት ልጆችና ወላጆች የኋሊት እየተራመደ ያወራል። የአነስተኛ ኮሌጆች ወግ ነው፤ አስጎብኚ ለእንግዳ ጀርባውን አይሰጥም። ክሬግ ከሁሉም ፊት ሆኖ በጥያቄ ወጥሮታል።

«ምግቡስ? ሰው ይጠግባል?»

«እኔን አያዩኝም እንዴ?» አለ ዴቮን፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

ወላጆቹ ሳቁ። ማሪት የክሬግ ልጅ መሆኗ እንዳይታወቅባት ወደ ኋላ ቀርታለች። አባቷ ስለ አልጋው፣ ስለ ጥበቃው፣ ተመርቆ ሥራ ስለማግኘት ያልጠየቀው የለም፤ ግን ለወጉ ያህል ነው። ልቡ ያለው እሱ የተማረበት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ነው። ከሰዓት እዚያ ቀጠሮ አላቸው፤ ሁለቱም ስለተቀበሏት ነገ ደግሞ ማሪት ለአንዱ እሺ የምትልበት የመጨረሻው ቀን ነው። ይሄኛውን «ስሙን ሰው የማያውቀው ትምህርት ቤት» ይለዋል።

የማሪት ጭንቀት ሌላ ነው። ብርዱ በጠና ቁጥር ከቤታቸው በታች ያለው ሐይቅ ላዩ በረዶ ይሆንና ይጮኻል። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ጩኸት ስትቀዳ ነው የኖረችው። ፍላጎቷ ሙዚቃ ይሁን ፊዚክስ ለይታ አታውቅም። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ አማካሪ «አንዱን ምረጪ፤ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በአውቶቡስ ነው የሚኬደው» ብለዋት ነበር። እሳቸው ቀልደው ነው። እሷ ግን እቤት ገብታ አለቀሰች።

ዴቮን አንድ በር ላይ ቆመ። «ገብቶ ትምህርት ማየት የሚፈልግ አለ?»

ማሪት እጇን ሳታስበው አወጣች።

«ከኋላ ቁጭ ብለሽ ማዳመጥ ብቻ ነው። ማንም አይነካሽም» አላት።

ገባች። ኋላ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ያለው አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ጥቂት ተማሪዎች፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ አሮጌ ቫዮሊን ነው። ተማሪዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከመሃላቸው አስቀመጧት።

«ሎሬታ እባላለሁ» አለች መምህርቷ፣ ሽበቷን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች ሴት። «ለምን እንደዚያ እንደሚጮህ ያልገባችሁን አንድ ድምፅ ይዛችሁ ኑ ብያቸው ነበር። ቶቢ የፍሪጁን ይዞልን መጥቷል።»

«ፍሪጄን አትናቁብኝ!» አለ ቶቢ።

«አንቺስ ምን አለሽ?» አለች ሎሬታ፣ ወደ ማሪት ዞራ።

ማሪት ደነገጠች። እንግዳ ነኝ ልትል ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እኔ... ሐይቅ አለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቅጂውን ከፈተችው። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ተወጥሮ እንደተለቀቀ ሽቦ ያለ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ቀጭን ሆኖ ጀምሮ እየወፈረ፣ እየወረደ ሄደና ጠፋ።

«ኧረ በስማም! ምንድን ነው እሱ?» አለ ቶቢ።

«በረዶ ነው። የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ።»

«ታዲያ ቀጭኑ ድምፅ ለምን ቀደመ?» አለች ሎሬታ፣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ። «በረዶው ምን ያህል ይወፍር ነበር?»

የማሪት ፊት ቀላ። «ለክቼው አላውቅም። ማዳመጡ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።» አፈረች፤ ግን ደስ የሚል እፍረት ነው። ስለ ሐይቋ እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ቶቢ የድምፁን አካሄድ ሰሌዳው ላይ በመሥመር መሳል ጀመረ። አጠገቧ ያለችው ልጅ ቫዮሊኑን አንስታ ጣቷን ገመዱ ላይ እያንሸራተተች ድምፁን ልታወጣው ትታገላለች። «አልያዝኩትም፣ ድገሚልኝ እስቲ» አለቻት። ማሪት ደገመችላት።

ድምፁ ገና ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ክሬግ ነው፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ።

«ይቅርታ፣ ልጄን ልወስድ ነው። መንገድ አለብን...» አለና ቆመ። «ይሄ የእኛ ሐይቅ አይደለም እንዴ?»

«መጣሁ፣ አባዬ።» ማሪት ስልኳን አንስታ ቆመች። እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

አባቷ ግን አላያትም። ዓይኑ ስልኩ ላይ ቀርቷል። «በረዶውን በስቼ ዓሣ ሳጠምድ ከሥሬ እንዲህ ይጮህብኛል» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ከዚያ በኋላ ዓሣ የሚባል ድርሽ አይልም። ዓሦቹ ይሰሙታል እንዴ?»

ሎሬታ ተማሪዎቿን አየች።

«እኔ አላውቅም» አለች። «የሚያውቅ አለ?»

ቶቢ ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ጎትቶ አመጣለት።

«አባዬ፣ ቀጠሯችንስ?» አለች ማሪት በሹክሹክታ።

«ቆይ እስቲ አንቺ ደግሞ!» ክሬግ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ፤ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ። «ድገሚው።»