ስድስተኛው ባርትሊ

ልጄ ክሊዮና የጥምቀት ገንዳውን ጠርዝ በአንድ እጇ ጨብጣ አለቅም ብላለች። ሌላኛው እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ውሃው ውስጥ ነው። አባቷ ዶናል ወገቧን ይዞ ወደ ኋላ ይስባታል፤ እሷ ደግሞ በጎማ ቦት ጫማዋ የገንዳውን እግር ረግጣ ትታገለዋለች።

«ቀዝቃዛ ነው!» ትጮኻለች። «ወንድሜ ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም! እማዬ መጀመሪያ በክርኗ ነው የምትለካው!»

ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ይሰማል። የዶናል ዘመዶች ናቸው። አርባ ይሆናሉ፤ ዝናብ የመታው ካፖርታቸው ገና አልደረቀም። ከእኔ ወገን የመጣችው እህቴ ብቻ ናት።

«ሙቅ ጨምረንበታል፣ የኔ እመቤት» ይላሉ አባ ማላኪ። «እስቲ እንደገና ለኪው።»

ክሊዮና ክርኗን መልሳ ትነክራለች። ታስባለች። «እሺ፣ ይሁን» ትልና ገንዳውን ትለቃለች። አራት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ነጩን ቀሚስ የለበሰችልን ቦት ጫማዋን ላታወልቅ ተዋውለን ነው።

ሕፃኑ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል። የፊተኛው ወንበር ላይ አማቴ ኑዋላ ሰማያዊ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። የሞቱት ባላቸው ባርትሊ ይባሉ ነበር። የባላቸው አባትም ባርትሊ፣ አያታቸውም ባርትሊ፣ ቅድመ አያታቸውም ባርትሊ። የአማቴ ታላቁ ልጅም ባርትሊ ነው፤ እሱ ግን ልጅ አልወለደም። ዶናል ሁለተኛ ሆኖ በመወለዱ ከስሙ አመለጠ። ልጃችን አላመለጠም።

እኔ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለ ጀምሮ ፊንታን ነበር የምለው። አማቴ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጡ «ባርትሊዬ እንዴት አደረ?» ሲሉ ቻልኩት። አንድ ጠዋት ግን፣ እኔ እሱን እያጠባሁ፣ ክሊዮና የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በጥርስ ሳሙና እየቀባች፣ ዶናል አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶት ቤቱን እያመሰ ሳለ «ስሙ ባርትሊ ይሁን አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ያልኩት በሩን ዘግተው እንዲሄዱልኝ ነበር።

«ለዚህ ሕፃን ምን ስም ሰጣችሁት?» ይላሉ አባ ማላኪ።

አፌን እከፍታለሁ። አማቴም አብረውኝ ሊሉት ከንፈራቸውን ገጥመው ይጠብቃሉ።

«ፊንታን!» ትላለች ክሊዮና።

ድምጿ ጣሪያውን ነክቶ ይመለሳል።

«ልጅ ናት፣ አባ፤ እርስዎ ይቀጥሉ» ይላሉ አማቴ። «ባርትሊ ነው።»

«አይደለም! ባርትሊ የሞተው አያቴ ነው! ይሄኛው ገና አልሞተም!»

አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ይሞክራል፤ አልሆነለትም። አማቴ ወደ ክሊዮና ጎንበስ ይላሉ።

«ዝም እንድትዪልኝ ቸኮሌት ሰጥቼሽ አልነበረም?»

«በልቼዋለሁ» ትላለች ክሊዮና፣ ነገሩ እዚያው ላይ እንዳለቀ ሁሉ።

አባ ማላኪ መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ያስደግፋሉ። «ስም የሚያወጡት ወላጆች ናቸው» ይላሉ ቀስ ብለው። የሚያዩት እኔን ነው።

እኔ ዶናልን አያለሁ። ዶናል ጫማውን ያያል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባውን ይዞ ከመግባት ወደ ኋላ አይልም። እናቱ ፊት ግን ጫማውን ያያል።

«ፊንታን» እላለሁ። ለራሴም አልተሰማኝ። ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። «ፊንታን ነው፣ አባ።»

አማቴ ብድግ ይላሉ። «ኦርላ! እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን እምቢ አልኩ።»

«ኬኩስ? ከጎልዌይ ከተማ ድረስ ያስመጣሁት ኬክ ላይ ስሙ ተጽፏል እኮ!»

«ኬኩን እንበላዋለን፣ እማማ።»

አሁን የሚስቅ የለም። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ፊቴ ይግላል፤ ዓይኔን ግን አልሰብርም። የሠርጌን አበባ እሳቸው መረጡ፣ እሺ አልኩ። የሳሎኔን መጋረጃ እሳቸው ለኩ፣ እሺ አልኩ። ይሄ መጋረጃ አይደለም።

ዶናል ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ፊንታን ነው፣ እማዬ» ይላል። እስከ ጆሮው ቀልቷል፤ ግን ቀና ብሏል።

አባ ማላኪ ሌላ ቃል እስኪመጣ አይጠብቁም። «ፊንታን፣ አጠምቅሃለሁ» ይሉና ውሃውን ሦስት ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ያፈሳሉ። ልጄ ከእንቅልፉ ይባንናል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ለቅሶውን ያቀልጠዋል።

ውሃው በአንገቱ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ፎጣ ፍለጋ ዞር እላለሁ፤ ያለው አማቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። እሳቸው ቦርሳውን ብብታቸው ሥር ይዘው መተላለፊያው ላይ ቆመዋል፣ ግማሽ ፊታቸው ወደ በሩ። ይውጡ ይመለሱ፣ አርባ ሰው ይጠብቃል። እጄን እዘረጋለሁ። አልለምንም።

ይመጣሉ። ፎጣውን ያወጣሉ፤ ለእኔ ግን አይሰጡኝም። እኔን ሳያዩ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ራሳቸው አንገቱን ያደርቁለታል፣ ጆሮውን፣ ግንባሩን። «ፊንታን» ይላሉ፣ ጎምዛዛ ነገር እንደቀመሰ ሰው። እርግብግቢቱ ጋ ሲደርሱ ፎጣውን ያነሱና፣ የቀረውን ውሃ በትንፋሻቸው እፍ፣ እፍ እያሉ ያደርቁታል።