በብልቃጡ ላይ ያለው ስም

የድባቴ መድኃኒት ዛሬ የሚቀመመው ከታማሚው ትዝታ ነው፤ በጣም የተደሰተበትን አንድ ቀን ይመርጣል፣ ቀኑም ብልቃጡ ላይ ይጻፋል። በባለቤቴ በስንዱ ብልቃጥ ላይ «ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ከታምሩ ጋር» ይላል።

«የሠርጋችን ቀን ምን አነሰው?» አልኳት።

«ሐኪሙ ከሕመምሽ በፊት የነበረ ቀን ምረጪ አለኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ቅናት አንገበገበኝና ብልቃጡን ደበቅኩት። አራት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም፤ ፀጉሯን እንኳ አላበጠረችም። በአምስተኛው ጠዋት ክኒኑን ከነውሃው ይዤላት ገባሁ።

«በይ እንኪ፣ ታምሩሽን ዋጪ።»

ዋጠች። ጥቂት ቆይታ ተነሣችና መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ማበጠሪያውን አቀበለችኝ። ፊቷ በርቷል።

«ቶሎ በልልኝ፣ ባቡሩ ሊደርስ ነው።»

አበጠርኩላት።