የአራት ጁምዓ ጥያቄ

የሚፍታህ ነገር የተበላሸው ሐሙስ፣ ግንቦት 18 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን ከነሰዓቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ ብርጭቆ ሻይ የጠጣ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያ ሐሙስ የማስተርስ ጽሑፉን ይዞ ፈታኞች ፊት ቆመ። ሙያው የዲስኩር ትንተና ነው፤ ሰው ምን አለ ብቻ ሳይሆን ለማን፣ የትና ለምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት። የወሎ ሽማግሌዎች “እምቢ” ሳይሉ እንዴት እምቢ እንደሚሉ ለማሳየት አርባ ሰዓት ድምፅ ቀድቶ ነበር።

ዋናው ፈታኝ ሦስት ገጽ ገለጠና “እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም። ንግግሩን ራስህ ነህ የፈጠርከው” አለው።

“ቅጂውን ልክፈትልዎት?”

“ጊዜ የለንም።”

ወደቀ። ለምን ሳይሰሙት እንደፈረዱበት በየዓመቱ በደብዳቤ ጠየቀ። አንድም መልስ አልመጣም።

አሁን በደማም የኢንዱስትሪ መንደር የአንድ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነው። የአርባው ሰዓት ቅጂ አልጋው ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ሌላ ሀብት የለውም፤ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያወጣው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው።

አንድ ቀን ሰዓድ የሚባል፣ ከደማም አጠገብ ኹበር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት ደወለለት። “የዲስኩር ትንተና በርቀት እየተማርኩ ነው” አለው። “በስደት ያለ ሰው አነጋገሩ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። ለአራት ጁምዓ ብቻ።”

አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ሙያው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ሳያልቅ እሺ አለ።

አብሮት የሚኖረው የታክሲ ሾፌሩ ዓብዱ ካውያውን ሰካ። “ሸሚዝህን አምጣ፣ ልተኩስልህ። ተመራማሪ ፊት በመጋዘን ልብስ አይቀረብም።”

ኹበር ባሕሩ ዳር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዓድ ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቀው። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

“አጎቴ ናቸው፣ ጋሽ ቱፋ” አለ ሰዓድ። “ቤት ብቻቸውን ከሚሆኑ ብዬ ነው ያመጣኋቸው።”

ከዚያ ስልኩን ለመቅጃ ከፍቶ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ከተሞላ ወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ። “ምግብ ጨው ቢበዛበት፣ ላበሰለው ሰው ምን ትላለህ?”

“አብሳዩ ዓብዱ ከሆነ ‘ባሕሩን ምነው ለዓሦቹ ብትተውላቸው’ እለዋለሁ። ከዚያ እበላዋለሁ። ያበሰለ ሰው አይሰደብም።”

ጋሽ ቱፋ አሳላቸው። ትከሻቸው ግን ከሳሉ በላይ ተንቀጠቀጠ።

በሁለተኛው ጁምዓ ሰዓድ ሚፍታህ ከእናቱ ጋር የተላላከውን የድምፅ መልእክት አሰማኝ አለው። አሰማው። እናትየው ስለ ላሟ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ ካወሩ በኋላ “ያሰብኩልህን አላህ ይሙላልኝ” ብለው ይዘጋሉ። ሰዓድ በጥድፊያ ማስታወሻ ያዘ።

“ከበታችህ ያለን ሠራተኛ ስታዝዝስ?”

“መጀመሪያ ሰላም እላለሁ። ሰላም ሳይባል የመጣ ትዕዛዝ ጡብ መወርወር ነው።”

ሦስተኛው ጁምዓ ላይ ግን ሚፍታህ ነቃ። ሰዓድ “በቤተሰብ ዐውድ ውስጥ…” ብሎ ማንበብ ሲጀምር አቋረጠው።

“ዐውድ ስትል ምን ማለትህ ነው?”

ሰዓድ አንገቱን አከከ። “እሱማ… እዚህ ወረቀቱ ላይ የሆነ ቦታ አለ።” ወዲያው ስልኩ ላይ መልእክት ገባ። አየውና እንዲህ አለ፤ “ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል። ያኔ የቀዳኸው ድምፅ አሁንም አለ? ለሌላ ሰው ታሰማለህ?”

የሚፍታህ ፊት ተለዋወጠ። ተነሥቶ ዓብዱ ወደሚጠብቅበት ታክሲ ሄደ።

“ያ የጣለኝ ፈታኝ ነው!” አለ ሚፍታህ ታክሲው ውስጥ እንደገባ። “ወላሂ እሱ ነው! ጥያቄውን የጻፈው ሰው ዘርፉን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ልጁ ግን ማንበብ እንኳ ያደናቅፈዋል። ከሩቅ ሆኖ መልእክት ይልክለታል። ያኔ ሐሰት ነው ያለውን ቅጂ አሁን በራሱ ስም ሊያወጣው ነው።”

ዓብዱ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

“ምን ያስቅሃል? ችግር፣ ሙሽኪላ ላይ ነኝ እኮ!”

“አብሽር። አንድ ጁምዓ ነው የቀረህ፣ ሰብር አድርግ። ሸሚዙን ደግሞ እኔ እተኩሳለሁ።”

በአራተኛው ጁምዓ ሚፍታህ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። ጁምዓ ከሰዓት ቤት ማንም የለም፤ ትቶት መምጣት አልፈለገም። ሰዓድ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበ።

“የበደለህ ሰው ድንገት ፊትህ ቢቀመጥ ምን ትለዋለህ?”

“ሻይ አዝዝለታለሁ” አለ ሚፍታህ። “ስኳሩን ራሴ አማስልለታለሁ። ከዚያ ‘ለምን?’ እለዋለሁ። አልሰድበውም፣ አልመታውም። መልሱን ብቻ ነው የምፈልገው።”

ከዚያ ብድግ አለ። ድምፁ ባሕሩ ዳር የተቀመጡትን ሰዎች አዞረ።

“አሁን ደግሞ ጠያቂው እኔ ነኝ! ይህን ወረቀት የጻፈው ማን ነው? አንተንስ ማን ላከህ? አሥር ዓመት ደብዳቤ ጽፌ ዝም ተብያለሁ፤ ዛሬ ግን ሳይመለስልኝ ከዚህ ምንጣፍ አልወርድም!”

ሰዓድ ወደ አጎቱ ዞረ። አራት ጁምዓ ሙሉ አንዲት ቃል ያልወጣቸው ጋሽ ቱፋ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱና በእርጋታ ተናገሩ።

“ልጄ፣ እናትህ ሽማግሌ ልካብን ካስጠየቀችን ሦስት ወሯ ነው፤ ጥያቄውንም የስልኩን መልእክትም የጻፈችው፣ ስለ ቅጂህ ከእናትህ የሰማችው የቋንቋ ተመራቂዋ ልጄ መሊካ ናት፤ እሷም ሰምታህ ወዳለች፣ እኔም ወድጃለሁ፤ በል እንግዲህ መላሹ አንተ ነህ፣ ታገባታለህ ወይስ አታገባትም? መልስልኝ!”