ለፊዚክስ የቀረው አንድ ቦታ

«እሷ እንኳ ሕፃናትን ነበር የምታስተምረው» አሉ ጋሼ ዋኘው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። «ፊደል ታስቆጥር ነበር።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት እኮ ጎንደር፣ እሳቸው ርዕሰ መምህር በነበሩበት ትምህርት ቤት ነው! ክፍሉን የሰጡኝም ራሳቸው ናቸው። ዲፕሎማዬ ሱዳን መንገድ ላይ ባይጠፋ ኖሮ የማንንም ምስክርነት አልለምንም ነበር።

ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ወረቀቱ የጠፋበት መምህር፣ የሚያውቀው ሰው ከመሰከረለት፣ የአሥር ወር ኮርስ ወስዶ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ይችላል። የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለፊዚክስ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱን ካገኘሁ እዚህ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት ወለል መወልወሌ ያበቃል።

ሰብሳቢዋ ኤስቴር ወደ እኔ ዞረች። «ትክክል ነው?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? አባቴን የሚያህሉ ሰው በባዕድ ፊት «ዋሹ» ልበላቸው? እንደዚያ ሆኜ አላደግኩም። አንገቴን ደፋሁ። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ እንደከፋኝ ይገባው ነበር። እሷ ግን እሺታ መሰላትና ጻፈች።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«አትቆጪ ልጄ። ብሩ አራት ልጆች አሉት። አንቺ ገና ነሽ፣ ሌላ ዕድል አታጪም።»

ብሩ! የእህታቸው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ጠባቂ! ሚዛንና ማግኔት ቆጥሮ ሲያስረክበኝ የኖረውን ሰው ፊዚክስ መምህር ነበር ብለው መስክረውለታል። እኔ ሞኟ ደግሞ ጠዋት ከክፋር አቭራሃም ሰፈር በእግሬ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስመርቃቸው ነበር።

ብሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ላብ ያጠምቀዋል።

«ገብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቅ» አሉ ጋሼ ዋኘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስቲ አሳዪው። አንቺ ታውቂው የለ?»

አያፍሩም! ልቤ አረረ። ጥያቸው መሄድ ነበረብኝ። ግን ብሩ ቀና ብሎ፣ «እህቴ እንጉዳይ፣ እኔስ አፍሬያለሁ፤ እሳቸው ናቸው እንዲህ ያደረጉት» አለኝና ደብተሩን አቀበለኝ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ስሏል። ድንጋዩ ጫፍ ሲደርስ የሚስበው ነገር የለም ብሎም ጽፏል።

ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም፣ ምን ላድርግ! እርሳሴን አውጥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል። ስበቱ ግን አልለቀቀውም። ቢለቀውማ እዚያው አየር ላይ ይቀር አልነበር?»

የቤት ቁልፌን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩ። ደገምኩለት። በሦስተኛው ፊቱ በራ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ገባኝ!» እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት እየሳለ፣ ጮክ ብሎ ያስረዳ ጀመር። አንዲትም ነገር አልሳተም። ጎንበስ ብዬ እያየሁ ራሴን ነቀነቅኩለት። ከሱዳን ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን፤ ያስተማርኩት ሲገባው ያየሁት የመጀመሪያው ሰው ነው። ንዴቴ እንዳለ ሆኖ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ኤስቴር ናት። እርሳስ የያዘውን ብሩንና ደብተሩ ላይ ያጎነበስኩትን እኔን አይታ ፊቷ በፈገግታ ተሞላ።

«ኑ፣ ይሄን እዩ!» አለች ውስጥ ወዳሉት ዞራ። «ኮሪደር ላይ እንኳ ሆኖ እያስተማራት ነው! መምህር ማለት እንዲህ ነው።»

ጋሼ ዋኘው ጣራ ጣራውን ያያሉ። እኔ ብሩን አየሁት። አሁን ይናገራል አልኩ፤ አፍሬያለሁ ብሎኝ የለ?

ብሩ ብድግ አለ። እርሳሴን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ። «ኬን፣ ኬን» አላት በዕብራይስጥ፤ አዎ፣ አዎ። ከዚያ ተከትሏት ገባ።