ሰማያዊው ሸራ ጫማ

በሕፃናት ሆስፒታሉ ለበጎ ፈቃደኛዋ ተማሪ የመጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ፣ ሲስተሯ ቀላሉን ሥራ ነበር የሰጠቻት፤ ድኖ የሚወጣ ልጅ ሲኖር ጫማውን አስሮ እስከ በር መሸኘት። እስከ ምሳ ሰዓት አራት ልጆች ሸኝታ እጇ ሥራውን ለምዶታል። ስለዚህ የሰባት ቁጥር አልጋ አንሶላ ተገፎ፣ አንዲት እናት ትንንሽ ሰማያዊ ሸራ ጫማ ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣ ስታይ፣ ፈገግ ብላ ሴትዮዋ ፊት በርከክ አለች።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ! የታለ ጎረምሳው? ጫማውን እኔ ላስርለት።"

እናትየው ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። "አሜን" አለችና ጫማዎቹን አቀበለቻት።

ሲስተሯ ከኋላ መጥታ የልጅቷን ትከሻ ያዝ አደረገች። "ተነሺ የኔ ልጅ" አለቻት በሹክሹክታ፤ "ልጇ ጠዋት አርፏል።"

ልጅቷ ጫማዎቹን ልትመልስ እጇን ዘረጋች፤ እናትየው ግን አልተቀበለቻትም።

"እሰሪው እንጂ" አለቻት፣ ልጇ አጠገቧ የቆመ ይመስል። "ሁለቴ ቋጥሪው፤ ሲሮጥ ይፈታበታል።"

ልጅቷ ባዶውን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቴ ቋጠረችው። ከዚያ ሌላኛውን አነሳች።